ከቤተ መንግሥት ግብር የተረፈ ማዕድ

እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ አጋማሽ በኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። አውሎ ነፋስ አዝመራውን ጠርጎታል፤ ከዋናው ምድር የእርዳታ እህል ጭነው ከተነሡት መርከቦች ከፊሎቹን ማዕበል ውጧቸዋል። በዚያ ክፉ ቀን ኪም ማንዶክ የተባለች ነጋዴ ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችውን ሀብት አውጥታ ከባሕር ማዶ እህል አስገዛችና ለተራበው ሕዝብ አደለች።

ማንዶክ በልጅነቷ ወላጆቿን አጥታ፣ መኳንንትን በዘፈንና በጭፈራ ከሚያስተናግዱ ሴቶች መዝገብ የገባች ሴት ነበረች። ተሟግታ ከመዝገቡ ወጣች። ከዚያም ወደቡ አጠገብ ነጋዴ የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ ሸቀጡን የሚያስቀምጥበት ቤት ከፈተች። ደግነቷን የሰማው ንጉሥ ጆንግጆ የምትሻውን ትጠይቅ ሲላት ሹመትም ገንዘብም አልፈለገችም፤ ቤተ መንግሥቱንና ስመ ጥሩውን የኩምጋንግ ተራራ ማየት ብቻ ጠየቀች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ከ1629 ጀምሮ የጄጁ ሰው ደሴቱን ለቆ እንዳይወጣ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ክልከላው የባሰ ነበር። ንጉሡ ፈቀደላትና በ1796 ዋና ከተማ ገባች።

ዛሬ በጄጁ ከተማ፣ የሳንጂ ወንዝ ባሕር በሚገባበት በኮኒፕ ሰፈር፣ የማንዶክ የእንግዳ ቤት በደሴቱ የጥንት አሠራር፣ በጥቁር ድንጋይና በሣር ክዳን እንደገና ተሠርቶ ቆሟል። እንደ ድሮው መጠጥ ቤት የተሰናዳ ስፍራም አለው። ጄጁ የሄደ ሰው የመጀመሪያ ምሳውን እዚህ ቢበላ እመርጣለሁ፤ ደሴቲቱ ምን ትበላ እንደነበር ሳያውቅ ወደ ዘመኑ ምግብ ቤቶች የሚሮጥ ሰው ብዙ ያመልጠዋል።

ጄጁ የእሳተ ገሞራ ልጅ ናት። መካከሏ ላይ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ሃላሳን ተራራ ቆሟል። ዝናቡ ብዙ ቢሆንም ውሃው በተቦረቦረው ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ባሕር ዳር ላይ ስለሚፈልቅ፣ ሩዝ ለማብቀል አይመችም። ሕዝቡ የሚኖረው በገብስ፣ ቅንጣቷ እንደ ዳጉሳ በደቀቀች ጆ በምትባል እህልና በሜሚል ነበር። ሜሚል ጥቁር ቅርፊት ያለው፣ በድሃ መሬት የሚበቅል እህል ነው፤ በደሴቱ አፈ ታሪክ ዘሩን ከሰማይ ያወረደችው ጃቾንግቢ የተባለች የእርሻ አምላክ ናት። ነጭ ሩዝ የሚታየው በዝክርና በድግስ ቀን ብቻ ነበር።

መልካም መልካሙ ደግሞ ወደ ቤተ መንግሥት ይጫን ነበር፦ ፈረሱ፣ ብርቱካን መሰሉ መንደሪን፣ ቾንቦክ የሚሉት ባለ ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ። ሹማምንት ዛፉ ላይ ያለውን ፍሬ ቆጥረው ይመዘግቡና ከጎደለ ባለቤቱን ያስከፍሉት ነበር። ከዚህ የተነሣ የገዛ ዛፉን በድብቅ የሚያደርቅ ገበሬ ነበረ። ያው ፍሬ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ገበያ ሲያገኝ ዛፉ «የዩኒቨርሲቲ ዛፍ» ተባለ፤ ልጅ የሚያስተምር ገቢ ነበረውና።

በሕዝቡ እጅ የቀረውን ለመቅመስ ሞምጉክ ይታዘዝ። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር መንደሩ አሳማ ያርዳል። አንድ አሳማ ለመቶ ሰው አይበቃም፤ ስለዚህ አጥንቱ በተቀቀለበት መረቅ ላይ ሞም የሚሉት የባሕር አረም ይጨመርና በሜሚል ዱቄት ይወፍራል። የመጣ ሁሉ ቢያንስ የሥጋውን መረቅ ይቀምሳል። ድህነት የፈጠረው ሾርባ ነው፤ ለእኔ ግን ከጄጁ ምግቦች ሁሉ የሚከበር እሱ ነው። ጎብኚው የሚሰለፍበት የጥቁር አሳማ ጥብስ ከዚህ ጋር አይተካከልም። ንጹሑ የጄጁ ጥቁር አሳማ ዘር ሊጠፋ ደርሶ ስለነበር በ2015 የተፈጥሮ ቅርስ ተብሎ ተከልሏል፤ በየምግብ ቤቱ የሚጠበሰው የተዳቀለው ነው።

አሳማ የማይበላው አንባቢያችን ብዙ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ጾም አያስፈታም በሚል ቢንግቶክን፣ ማለትም በሜሚል ቂጣ የተጠቀለለውን የተቀቀለ ፍጅል፣ የሚመርጥ ሰው ምጣዱ በምን እንደተቀባ ይጠይቅ፤ በድሮው ልማድ በአሳማ ሞራ ነበር። ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ብቻ ለሚበላ ደግሞ ቀዩ ኦክዶም አለለት። ጨው ነክቶት፣ በነፋስ ደርቆ፣ ተጠብሶ ይቀርባል። በኦሪቱ ሥርዓት የሚኖር ሰው ከአንድ ኦክዶም ጋር ጄጁ ላይ አይራብም።

ኦክዶም የአባቶች ዝክር ማዕድ ላይም የሚቀመጥ ዓሣ ነው። ደሴቱ ደግሞ የሚዘክራቸው ብዙ ሙታን አሉት፦ በ1948 በተቀጣጠለው አመፅና በመንግሥት ጦር ጭፍጨፋ በደሴቱ ከ25,000 እስከ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። በሰሜን ጠረፍ ባለችው ቡክቾን መንደር በጥር 1949 በመቶዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተገደሉ። እዚያ በየዓመቱ በጨረቃ አቆጣጠር ያ ቀን ሲመጣ፣ ቤት ለቤት በአንድ ሌሊት የዝክር ማዕድ ይዘረጋል። መንደሪቱን አቋርጦ ምሳ ፍለጋ የሚሄድ መንገደኛ ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

ከቡክቾን ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ወደ ባሕር እየጠለቁ የሚኖሩት ሴቶች፣ የሄንዮዎቹ፣ አገር ይደረሳል። ቾንቦክ ለግብር ያወጡ የነበሩት ወንዶች ሸክሙ ከብዷቸው ደሴቱን ጥለው ሲሸሹ ዕዳው ሴቶቹ ላይ ወደቀ። የሰዎቹ ሽሽት ነበር የ1629ኙን ክልከላ ያመጣው። ሄንዮ ያለ አየር መሣሪያ አሥር ሜትር ድረስ ትጠልቃለች፤ በአንድ ጠለቃ አንድ ደቂቃ ያህል ትንፋሿን ትይዛለች። በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ጊዜ የጠላቂዎቹ ማኅበር በገዥዎቹ እጅ ወድቆ ምርታቸው በርካሽ ሲወሰድባቸው፣ በጥር 1932 የሴህዋን ገበያ ቀን ጠብቀው መቆፈሪያቸውን እንደያዙ አደባባይ ወጡ። ገበያው ዛሬም በየአምስት ቀኑ ይቆማል። ዩኔስኮ የሄንዮን ባህል በ2016 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ ጠላቂዎቹ ግን አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው፣ ተተኪውም እየተመናመነ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ቢቻል ለእነሱ ይድረስ። በየጠረፉ የመንደሩ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የሚያስተዳድራቸው «የሄንዮ ቤት» የሚባሉ ምግብ ቤቶች አሉ። የቾንቦክ ገንፎ ይታዘዝ። ቀለሙ ነጭ ከሆነ ሆድ ዕቃው አልገባበትም፤ አረንጓዴ ወርቃማ ከሆነ ገብቶበታል፣ ጣዕሙም እዚያ ላይ ነው።

የሚጠጣውን ፍለጋ ወደ ሶንግኡፕ ይኬዳል፤ በጥንት ግንብ የተከበበች፣ ሰው ዛሬም የሚኖርባት የባህል መንደር ናት። ሩዝ ብርቅ ስለነበር የደሴቱ መጠጥ ከጆ ይጠመቃል። ዱቄቱ ተቦክቶ እንደ ቀለበት ይሠራና ይቀቀላል፤ ከዚያ ይደቆስና ከእርሾ ጋር በእንስራ ይደፈደፋል። መጠጡ ኦሜጊሱል ይባላል፤ ጎምዘዝ የሚል፣ ወፈር ያለ ነው። ድፍድፉ ጎሶሪ በሚባል የሸክላ ዕቃ ተነጥሮ ሲወርድ ጎሶሪሱል ይሆናል፤ ይህ 40 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛ አገር አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የጎሶሪን ሸክላ አይቶ አይገረምም። ጥበቡ በሴቶች እጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት ሲተላለፍ ኖሯል። ከቀኑ ሙቀት በኋላ መጀመሪያ ኦሜጊሱሉ ይቅረብ፤ ጎሶሪሱሉ በትንሽ ስኒ፣ ምግብ ሆድ ከገባ በኋላ።