ሽማግሌ የማያስታርቀው ሕመም

በሀዲያና በከምባታ ስለ ጠለፋ ባሰብሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ ከዕርቁ በኋላ የልጅቱ ጤና ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን «በፈቃዷ» ካገባች ክስ አይቀርብም ይል ነበር። ሽማግሌ ካስታረቀ ወዲያ ምርመራን ማን ያነሣል?

በ1990 ዓ.ም. ግድም ቦጋለች ገብሬ በከምባታ የሴቶች ድርጅት መሥርተው ጠለፋን ታገሉ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያንን ማምለጫ ዘጋው።

ሕመሙ ግን ሕግንም ዕርቅንም አያውቅም። አንዱ የብልት ሄርፒስ ነው፤ ከንፈር ላይ ሲወጣ «ምች መታኝ» የምንለው ቁስል ዘመድ ነው። ቁስል ሳይታይም በገላ ንክኪ ይተላለፋል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የተነካ ሁሉ ተይዟል ማለት አይደለም። ቁስሉ ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 12 ቀን ባለው ውስጥ፣ ከእርሱ ናሙና ይወሰዳል። የደም ምርመራ ግን 12 ሳምንት ያህል ሳይሞላ «የለብሽም» ቢል አያስተማምንም። መድኃኒቱ ቫይረሱን ባይነቅለውም ሕመሙን ያስታግሣል።

ሄርፒስ ጊዜ ይሰጣል፤ ኤች አይ ቪ አይሰጥም። መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እንግዲህ ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ የተደፈረች ሴት በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ትድረስ እላለሁ፤ ሽማግሌው ይቆይ።