የእንዶድ አረፋና የዶክተር አክሊሉ ለማ ምርምር

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፥ በአጥር ጥግና በወንዝ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። የፋብሪካ ሳሙና በገበያ ከመታየቱ አስቀድሞ እናቶች ፍሬውን ለቅመው፥ አድርቀውና ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት ኖረዋል። የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎችም ለሆድ ትል ይሰጡት ነበር። ይህን የማያውቅ የገጠር ሰው አልነበረም። ነገር ግን ይኸው የተናቀ ፍሬ፥ በዓለም ላይ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚያሠቃይ የአንድ ደዌ መተላለፊያ ሊዘጋ እንደሚችል በሳይንስ መንገድ ያስመሰከሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። የእኚህ ሊቅ የሥራ ታሪክ እንደሚያሳየው፥ አንድን ነገር አይቶ መገንዘብ አንድ ድካም ነው፤ የተገነዘቡትን ማረጋገጥ ሌላ ድካም ነው፤ ያረጋገጡትን በዓለም ፊት ማሳመን ግን ከሁለቱም ይበረታል።

ደዌው ቢልሃርዝያ ይባላል። ስያሜውን ያገኘው ትሉን በ1851 በካይሮ ከተማ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ስም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ትሉ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዴት እንደሚደርስ ግን ለስልሳ ዓመታት ያህል ምስጢር ሆኖ ቆየ። በ1913 ጃፓናውያኑ ሚያይሪና ሱዙኪ፥ በ1915 ደግሞ የብሪታንያው ሊቅ ሮበርት ሊፐር በግብፅ ባደረጉት ምርመራ፥ ትሉ በመካከሉ በውሃ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ማለፍ እንዳለበት ተረጋገጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበሽተኛው ሰገራ ወይም ሽንት ጋራ የወጣው የትሉ ዕንቁላል ከውሃ ሲደርስ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል፤ ካገኘ ግን ወደ ገላው ገብቶ ይራባል፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ በሺህ የሚቈጠሩ እጮች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። እነዚህም ለመዋኘት፥ ልብስ ለማጠብ ወይም ውሃ ለመቅዳት የመጣውን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ወደ ደሙ ይገባሉ። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሰንሰለቱ ከተቈረጠ የትሉ ዘር ይቋረጣል ማለት ነው።

የደዌው ክፋት ከትሉ ይልቅ በዕንቁላሉ ላይ ነው። ያደገው ትል የሚኖርበትን ሰው ገላ ክፍሎች በላዩ ለብሶ ከሰውነት የመከላከያ ኀይል ይሰወራል፤ በዚህም ሁኔታ ለዓመታት ይኖራል። ዕንቁላሎቹ ግን በየቀኑ እየተጣሉ ከፊሎቹ በጉበትና በአንጀት ውስጥ ይቀረቀራሉ። ሰውነትም ባዕድ ነገር መግባቱን ዐውቆ በመከላከያ ሕዋሳቱ ይከባቸዋል፤ ያ ስፍራ ያብጣል፥ ቈይቶም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ሲበዛ የደም መተላለፊያው ይዘጋል፤ ሆድ በውሃ ይነፋል፤ አንዳንዱም ደም እያስመለሰው ይሞታል። በደዌው አገር ለብዙ ዘመን የኖረ ሰው ከፊል መከላከያ እያዳበረ ስለሚሄድ፥ የመከራው ዋና ተሸካሚዎች ልጆች ናቸው። ሆዱ ተነፍቶ፥ ደሙ አንሶ ከትምህርት ገበታ ላይ የሚያንቀላፋውን ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይሉታል እንጂ በሽተኛ ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያ ሁለት ዐይነት ቢልሃርዝያ አለ። የአንጀቱ ዐይነት በደጋና በወይና ደጋ ወንዞች፥ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ጭምር ይገኛል። የሽንት ፊኛው ዐይነት ግን በቆላ፥ በተለይም በአዋሽ ሸለቆ ይታያል፤ ይኸውም ወንዙ በጅቡቲ ወሰን ወዳለው ወደ አቤ ሐይቅ በሚወርድበት በረሓ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ለዚህ ደዌ የነበሩት መድኃኒቶች አንቲሞኒ ያለባቸው ብርቱ መርዞች ስለ ነበሩ በሽተኛውን እጅግ ያሠቃዩት ነበር። በግብፅ በመርፌ የተደረገው ሰፊ ዘመቻም መርፌው በአግባቡ ሳይቀቀል ለብዙ ሰው በማገልገሉ፥ ሌላ የጉበት በሽታ በሕዝቡ ውስጥ ማስፋፋቱ ኋላ ታውቋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድል ኬሚካል ከጀርመን ፋብሪካ ይመጣ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው ከድኻ አገሮች ዐቅም በላይ ነበረ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። በ1964 በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀብለው ወደ አገራቸው ተመለሱና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ፤ ከዚያ ራቅ ብሎ በላይም በታችም በኩል ግን ያን ያህል አልነበረም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው፥ ከአጣቢዎቹ ሴቶች አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የምርምሩ መጀመሪያ ይህ ነበር።

በወንዝ ዳር የታየውን ነገር በቤተ ሙከራ መድገም ያስፈልግ ነበርና የመጀመሪያው ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ1966 ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ለተክሉ ጥናት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ተባባሪያቸው ሆኑ፤ እሳቸውም ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጡትን የእንዶድ ዐይነቶች እያበቀሉ ሲያነጻጽሩ፥ ኀይሉም ምርቱም የተሻለውን 44ኛ ቍጥር የተሰጠውን ዐይነት መረጡ። ፍሬው ሳይቀላ፥ ገና አረንጓዴ ሳለ ሲለቀም መርዙ እንደሚበረታም ታወቀ። በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ ለማቶክሲን ተባለ። ፈረንጆች የሰውን የመጨረሻ ስም የቤተ ሰብ ስም ያደርጉታልና፥ በዚህ አጋጣሚ በሳይንስ መዝገብ የተጻፈው የአባታቸው የአቶ ለማ ስም ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሙከራ ግን ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ የተደረገው ነው። ለአምስት ዓመታት የእንዶድ ዱቄት በወንዙ ላይ በየጊዜው ሲጨመር ቆየ። ውጤቱም በተለይ በሕፃናት ላይ ተመዘነ። ምክንያቱም በትልቅ ሰው ገላ የገባ ትል ለዓመታት ስለሚኖር፥ ወንዙ ቢጸዳም ቀድሞ የታመመው በሽተኛ ሆኖ ይቈያል፤ ውሃው መጽዳቱን የሚመሰክሩት በቅርብ የተወለዱት ናቸው። በእነዚህ ሕፃናት መካከል የደዌው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

እንዶድ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ለቀንድ አውጣ በሚበቃው መጠን ዓሣንም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል ግን ደኅና አድርጎ አያጠፋም፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጨመር ግድ ነው። በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት መበላሸቱ ግን ለተፈጥሮ በጎ ነው፤ መርዝነቱ በወንዙ አይከማችምና። ደግሞም ሕዝቡ በገዛ ማሳው ሊያበቅለው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት ነገሩን በቶሎ አልተቀበሉትም። ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት አለማድረሱ በታወቀው የዓለም መለኪያ፥ ደረጃው በጸደቀ ቤተ ሙከራ ይመርመር አሉ። ጥያቄው በራሱ አግባብ ነበር፤ ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር ሊመረመር ይገባዋል። ነገር ግን ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብና መሣሪያ በኢትዮጵያ አልነበረም፤ ገንዘብ ያላቸው ፋብሪካዎችም ገበሬ በአጥሩ ሥር ከሚያበቅለው ተክል ትርፍ ስለማያገኙ ለመክፈል አልፈለጉም። በዚህ ምክንያት ብዙ ዓመታት ባከኑ። ዶክተር አክሊሉ ኋላ ደጋግመው እንደ ተናገሩት፥ ከገንዘቡም በላይ የከበደው ከአፍሪካ ምድር ጥሩ ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብሎ ለማመን የሚቸገር አስተሳሰብ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ሥር በሳይንስና በሕፃናት ጕዳይ ሲሠሩም እንዶድን አልተዉም። በ1983 በሉሳካ፥ በ1986 በምባባኔ ዓለም አቀፍ የእንዶድ ጉባኤዎች ተደረጉ። የስዋዚላንዷ የኬሚስትሪ ሊቅ ሊዲያ መክሁቡም በአገራቸው ጥናቱን ቀጠሉ። የካናዳ የምርምር ድጋፍ ተገኝቶ የመርዛማነቱ ምርመራ ተካሄደ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፥ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

በ1990 ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲን በጐበኙ ጊዜ፥ በዚያ አገር ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ የውሃ ቧንቧዎችን የሚደፍነውን ዜብራ የተባለውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንዶድ ሊገድለው እንደሚችል አሳሰቡ፤ ተሞክሮም እውነት ሆነ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተወሰደበት። ይህም ታላቅ ክርክር አስነሣ። ዕውቀቱ የማን ነው? የባለ ቤተ ሙከራው ነው ወይስ ፍሬውን ለዘመናት ሲወቅጡ የኖሩት እናቶች? የሽልማቱና የመብቱ መዝገብ የሊቃውንትን ስም ይዟል፤ በዐድዋ ወንዝ አረፋውን ከዕቃው የጨመረችው ሴት ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አይነበብም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997፥ ይኸውም በዚያው በአውሮጳ አቆጣጠር፥ ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ደዌው ግን ገና አልጠፋም። አሁን ዋናው መከላከያ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ሲሆን፥ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች ይታደላል። ክኒኑ በገላ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ ተመልሶ ወደዚያው ወንዝ ሲገባ ግን እንደገና እንዳይያዝ አያደርገውም። ስለዚህ የቀንድ አውጣው ጕዳይ ዛሬም አልተዘጋም፤ እንዶድም በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም።

ከዚህ ታሪክ መምህር የሚወስደው ነገር አለ። ተማሪዎች ወደ ክፍል ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ከእናታቸው የወንዝ ዳር ሥራ፥ ከአያታቸው የመድኃኒት ቅጠል ያዩትን ይዘው ይመጣሉ። መምህሩ ይህን እንደ ተረት አጣጥሎ ቢጥለው፥ የሚቀጥለው አክሊሉ የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል። ሳይመዝነው እንዳለ ቢቀበለውም ዕውቀቱ ከወንዙ ዳር አይወጣም። የሚሻለው ልጁ ያየውን እንዲናገር መጠየቅ፥ ቀጥሎም ዕቃና ውሃ አቅርቦ «እስቲ ሞክረው፤ ቍጠር፤ ጻፍ» ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ በዐድዋ ወንዝ ዳር ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ለዚህም የሚያስፈልገው መሣሪያ በማንኛውም የገጠር ትምህርት ቤት ይገኛል።