የታሪክ ፊልሞች አልባሳትና የወሎ ቅርሶች

በታሪክ ፊልሞች ላይ ተዋንያን የሚለብሱት ልብስ የዘመኑን ማዕረግ፣ ኑሮና ሥርዓት ለተመልካች የሚያስረዳ በመሆኑ በማስረጃ ላይ ተመሥርቶ መዘጋጀት ይኖርበታል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእጅ ተፈትሎ የተሸመነ የጥጥ ሸማ የብዙኃኑ ልብስ ሲሆን፣ ለምድ፣ ካባና የአንበሳ ጎፈር የክብር መለያዎች ነበሩ። አለባበሱም የራሱ መልእክት ነበረው፤ አገልጋይ በጌታው ፊት ሸማውን አደግድጎ ይቆማል፣ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ይለብሳል። ልብሱ ትክክል ሆኖ አለባበሱ ከተሳሳተ የትዕይንቱ ትርጉም ይዛባል።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም (እ.ኤ.አ. 2008) በዋናነት የሚያሳየው የደርግ ዘመን በርካታ ፎቶግራፎች አሉት። ለቀደሙት ዘመናት ግን ፎቶግራፍ ጥቂት በመሆኑ የጨርቁን ውፍረት፣ ስፌቱንና ጥልፉን በትክክል የሚያሳየው ራሱ ልብሱ ነው።

በደቡብ ወሎ ለዚህ ሁለት አብነቶች ይጠቀሳሉ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከወሰዳቸው ቅርሶች መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደነበር የሚነገረው፣ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ይገኛል። ቀሚሱ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። የደሴ ሙዚየም ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል።

በመሆኑም የዘመነ ቴዎድሮስን ፊልም የሚያዘጋጅ ባለሙያ የመቅደላን ልብስ ለማየት ባሕር መሻገር ይኖርበታል። በሙዚየሞች፣ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና በየቤተሰቡ የቀሩ ጥንታዊ አልባሳትን መመዝገብ፣ መለካትና ፎቶግራፍ ማንሳት የየአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤቶች ቀዳሚ ተግባር ሊሆን ይገባል፤ ቅርሱ ቢጠፋ እንኳ መረጃው ለትውልድ ይተርፋልና።