በቢራ ጣሳ የተጠለፈች ጣሊያን፦ የአልባኒያ ቴሌቪዥን ታሪክ

አልባኒያ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ዕድሜያችሁ ጠና ካለ ምናልባት ማሌሊት ትዝ ይላችሁ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. በረሃ ላይ የተመሠረተው ይህ ፓርቲ፣ ከሶቪየትም ከቻይናም ይልቅ የአልባኒያን ሶሻሊዝም ትክክለኛ ብሎ ያደንቅ ነበር። ታሪክ የምትወዱ ደግሞ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1939 አልባኒያን ስትይዝ፣ ‹የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት› ተብሎ የነበረው ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ ‹የአልባኒያ ንጉሥ› የሚለውንም ደረበበት። ለዛሬ ግን ወሬያችን ስለ ቴሌቪዥን ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዋና ከተማዋ በቲራና የሙከራ ስርጭት የተጀመረው በ1960 ነው። በየቀኑ መተላለፍ የጀመረው ግን በ1971 ነበር። አገሪቱን የሚገዛው ኤንቬር ሆጃ በ1948 ከዩጎዝላቪያ፣ በ1961 ከሶቪየት ኅብረት ተቆራርጧል፤ በ1978 ደግሞ ከቻይና ጋር ይጣላል። በ1967 ሃይማኖት የሚባል ነገር በሙሉ ታገደ። ድንበሩ ተዘጋ። ታዲያ አንድ ያልተዘጋ ነገር ነበር፤ አየሩ። ጣሊያን ከባሕሩ ማዶ ናት፣ በጠባቡ በኩል 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ እናስገባ። የቴሌቪዥን ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። ነገር ግን ቀዝቀዝ ባለ ባሕር ላይ ሞቃት አየር ሲተኛበት ሞገዱ ወደ ታች ጎበጥ እያለ ከተለመደው አልፎ ይደርሳል። አንድ ችግር ቀረ፦ ከጣሊያን ጣቢያዎች አንዳንዶቹ የሚያሰራጩት፣ ብዙው የአልባኒያ ቴሌቪዥን በማይቀበለው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው። የሰፈር ኤሌክትሮኒክስ አዋቂዎች መላ ዘየዱ። ትራንዚስተርና ሽቦ ባዶ የቢራ ጣሳ ውስጥ ገጥመው ከአንቴናው ጋር አገናኙት። ስሙንም በቋንቋቸው ‹ካኖቼ› አሉት፤ ጣሳ ማለት ነው። የጣሳው ብረት ሌላ ሞገድ እንዳይረብሽ ይከልላል። መንግሥት በበኩሉ የማፈኛ ሞገድ ይለቅ ነበር። ጎረቤት ጆሮ ጠቢ ሊሆን ስለሚችል ድምፅ ዝቅ፣ መጋረጃ ዝግ ነው።

የጣሊያን ዘፈን በዚህ መንገድ ገብቶ ቆየ፣ ቆየና በራሱ በመንግሥት መድረክ ላይ ብቅ አለ። በታኅሣሥ 1972 የተካሄደው 11ኛው የዘፈን ፌስቲቫል በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ። የመድረኩ ብርሃን፣ የዘፋኞቹ አለባበስና እንቅስቃሴ ከወትሮው የተለየ ነበር። ቶኒን ተርሻና ‹ጸደይ ሲመጣ› በሚል የፍቅር ዘፈን አሸነፈ። በቃ፣ ይኸው ነው ‹ወንጀሉ›። እኛም ደጋግመን ብናየው ከዚህ የከፋ ነገር አላገኘንበትም።

ሆጃ ግን ሌላ ነገር ታየው። በሰኔ 1973 የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ተሰብስቦ ፌስቲቫሉን የባዕድና የሊበራል ብልሹነት ማሳያ አድርጎ ኮነነ። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ኃላፊው ቶዲ ሉቦንያ ከሥልጣን ወርዶ ታሰረ። የዝግጅቱ ዳይሬክተር ሚሃላቅ ሉዋራሲና ዘፋኙ ሸሪፍ መርዳኒም ወኅኒ ወረዱ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። የቶዲ ልጅ ፋቶስ በ1974 ሲያዝ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ ማስረጃው ሆጃን የተቸበት የግል ማስታወሻው ነው። መጀመሪያ የተፈረደበት ሰባት ዓመት ነበር፤ እስር ቤት ሳለ ሌላ ክስ ተጨመረበት። ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዱ ስፓች የሚባል የመዳብ ማዕድን ማውጫ ካምፕ ነበር። የወጣው በ1991 ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው እንግዲህ።

በነገራችን ላይ በዓለም ከሁሉ የታወቀችው አልባኒያዊት፣ ማዘር ቴሬዛ፣ ያኔ አገሩ እንዳትገባ ተከልክላ ነበር። እናቷ ቲራና ውስጥ የሞቱት ፌስቲቫሉ በተካሄደበት በ1972 ነው። ልጃቸው መቃብራቸውን ለማየት የቻለችው በ1989 ነበር።

በነሐሴ 1991 ‹ቭሎራ› በተባለች አንዲት መርከብ 20 ሺህ ያህል አልባኒያውያን ተጨናንቀው ጣሊያን፣ ባሪ ወደብ ደረሱ። ጣሊያንኛውን ብዙዎቹ ከቴሌቪዥን ለምደውታል። የጠበቃቸው ግን በስክሪን ያዩት አልነበረም፦ አብዛኞቹን ስታዲየም ውስጥ አስገብተው ዘጉባቸው፣ ከዚያም ወደመጡበት መለሷቸው። ፌስቲቫሉ ዛሬም በየታኅሣሡ ይካሄዳል። ከ2004 ወዲህ አልባኒያ ለዩሮቪዥን የምትልከው ዘፈን የሚመረጠው እዚያው ነው።