500 ሜትር የተጻፈበት ሽጉጥ

አሜሪካ ያለ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ የብራውኒንግ ሽጉጥ ልገዛ ነው። የአንዱ ማነጣጠሪያ ቋሚ ነው። የሌላው ከፍ ዝቅ ይላል፣ እስከ 500 ሜትር ቁጥር አለበት። የቱ ይሻለኛል?» ነገሩ የታሪክ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን እዚሁ ለሁላችሁም ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ 500 ሜትር ሽጉጥ ላይ ምን ይሠራል? ነገሩ ከጠመንጃ የተወረሰ ነው። በዚያ ዘመን የጦር ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያው በርቀት ልክ ይነሳና ይወርድ ነበር። የጀርመኑ ማውዘር በ1896 ሽጉጥ ሲያወጣ ይህንኑ ጫነበት፤ በብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ እስከ 1000 ይደርሳል! የእንጨት ማኅደሩ እጀታው ኋላ ላይ ሲሰካ ደግሞ ሰደፍ ይሆናል። ገዢው ሽጉጥም አጭር ጠመንጃም ይዤ ገባሁ እንዲል ነው እንግዲህ። ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል በ1898 ኦምዱርማን ላይ የታጠቀው ይህንን ነበር፤ ትከሻው ቀድሞ ስለተጎዳ በጎራዴ አልተማመነም። የተኮሰው ግን ፈረስ ላይ ሆኖ፣ አፍንጫ ላፍንጫ ነው። 1000 ሜትሩ ምን ያደርግለታል?

ጀርመኖች በ1913 ለመድፈኞቻቸው የተቀበሉት ረጅሙ ሉገርም 800 ሜትር ተጽፎበታል። የቤልጅጉ ብራውኒንግ በ1935 ሲወጣ ግን ፋብሪካው አልቆረጠም፤ ሁለቱንም ዓይነት ሠራ።

ለእኔ የሚጥመኝ የቶሮንቶው ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ኢንግሊስ የተባለው ፋብሪካ (በኋላ በልብስ ማጠቢያ ማሽን የታወቀው) ይህንኑ ሽጉጥ ለሁለት ወገን ይሠራ ነበር። ቻይናዎች ሰደፍ ያለውን ማውዘር ለዓመታት ለምደውታልና 500 ሜትሩንም የእንጨት ሰደፉንም ፈለጉ። ለካናዳና ለእንግሊዝ ጦር የሚሄደው ግን በቋሚ ማነጣጠሪያ ተሠራ። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሽጉጥ፣ ሁለት ሐሳብ።

ማን ልክ ነበር? ሒሳቡን እንሥራው። በዚህ ሽጉጥ ላይ ከፊትና ከኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እጅህ ተንቀጥቅጦ የፊተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይስታል። 500 ሜትር ላይ ስህተቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ሰደፍ እጅን ያረጋጋል እንጂ 16 ሴንቲ ሜትሩን አያስረዝምም። በዚያ ላይ ወታደር በጭንቅ ሰዓት ማነጣጠሪያውን 400 ላይ ረስቶት አጠገቡ ያለ ጠላት ላይ ቢተኩስ በላዩ ያሳልፈዋል። እኔ ለካናዳዎቹ እፈርዳለሁ።

ቋሚውም ግን እንከን አለበት። የ1873ቱን ኮልት ውሰዱ፤ የኋላ ማነጣጠሪያው ከላይ ብረቱ ላይ የተቦረቦረ ጎድጓዳ መስመር ነው፣ በቃ። የጥይቱ ክብደት ሲቀየር የሚመታበት ቦታም ይቀየራል። ዝቅ ብሎ ከመታ ባለቤቱ ሞረድ አንስቶ የፊተኛውን ይሞርደዋል፤ የፊተኛው ባጠረ ቁጥር ጥይቱ ከፍ ይላልና። የተሞረደ ብረት ግን አይመለስም። ለዒላማ ውድድር በሚሠሩ ሽጉጦች ላይ በብሎን ወደ ላይም ወደ ጎንም የሚዞረው ማነጣጠሪያ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ለሩቅ ሳይሆን ለጥይት ለውጥ። የ500 ሜትሩ ከዚህ ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም።

ስለዚህ ልጄ፣ ለመተኮስ ከሆነ ቋሚውን ውሰድ፤ ግን የፊተኛውን ጫፍ በደንብ እየው፣ የሞረድ ምልክት ካለው ሽጉጡ የተስተካከለው ለሌላ ሰው ጥይት ነው። ከቻልክ ሳትከፍል በፊት በ25 ሜትር ወረቀት ላይ ሞክረው። ለታሪኩ ከሆነ ባለ 500ውን ውሰድ፤ ተንሸራታቹ በየቁጥሩ ላይ ጠብቆ መቆሙን አረጋግጥ። እጀታው ኋላ ላይ የሰደፍ መሰኪያ ካየህ ደግሞ ሰደፍ ፍለጋ አትሩጥ፤ የ1934ቱ የአሜሪካ ሕግ ሰደፍ የተሰካበትን ሽጉጥ እንደ አጭር ጠመንጃ ሊቆጥረው ስለሚችል መጀመሪያ ሕግ አዋቂ ጠይቅ።