ከመንቀል በፊት፦ የዲስክ አነቃቀል አጭር ታሪክ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ በማሠልጠኛ ተቋማችን የደረሰብን ይኸው ነው። የሦስት ክፍል ሠልጣኞችን ውጤት በኮምፒዩተር ከመዘገብን በኋላ ወደ ፍላሽ አዛወርነው። ማዛወሩን የሚያሳየው ምልክት ከስክሪኑ ላይ እንደጠፋም ፍላሹን ነቅለን ወደ ሬጅስትራር ሮጥን። እዚያ ሲከፈት ግን ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። «ገልብጥ» በማለት ፈንታ «አዛውር» ብለን ስለ ነበር፣ ዋናው ቅጂ በኮምፒዩተሩ ላይ አልቀረም። ስለዚህም የፈተና ወረቀቶቹን እንደገና ዘርግተን ሁለት ሌሊት ስንመዘግብ አደርን።

ጥፋቱ የማን ነበር? ማሽኑ «ጨርሻለሁ» አለ፤ እኛም አመንን። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ታሪኩ መመለስ ግድ ሆነብን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1956 የአሜሪካው አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ራማክ የተባለውን ኮምፒዩተር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ከእርሱ ጋር የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ወጣ። ይኸውም እያንዳንዳቸው ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች የተደረደሩበት፣ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን መሣሪያ ነበር። የያዘውም 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነው። በዚህ መሣሪያ የሚያነብበውና የሚጽፈው ራስ የሳህኑን ገጽ እንዳይነካ በታመቀ አየር ይደገፍ ነበር። በኋላ በተሠሩት ዲስኮች ግን የሳህኑ መሽከርከር ራሱ የአየር ትራስ እየፈጠረ ራሱን ያንሳፍፈው ጀመር። እንግዲህ የመጀመሪያው አደጋ ከዚህ ላይ ይነሣል። ኃይል ሲቋረጥ ሳህኑ ይቆማል፤ ሳህኑ ሲቆም የአየሩ ትራስ ይጠፋል፤ ራሱም ይወርዳል። የት ይረፍ?

በ1973 አይ.ቢ.ኤም. ዊንቸስተር በሚል ስም የታወቀውን ዲስክ ሲሠራ፣ ራሱ በቅባት በለሰለሰው ገጽ ላይ ያለ ጉዳት እንዲያርፍ አደረገ። በ1980 ደግሞ ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች የሚሆን 5 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተሩን ከማጥፋታቸው በፊት «ፓርክ» የሚባል ትእዛዝ ይሰጡ ነበር፤ ይህም ራሱን ጽሑፍ ወደሌለበት ስፍራ ወስዶ የሚያሳርፍ ነው። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች ነገሩን ለሰው ትዝታ ሳይተዉ፣ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ሞተሩ በቀረችው ሽክርክሪት እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ራሱን ወደ ማረፊያው የሚመልስበትን ዘዴ ፈጠሩ። የፊዚክስ መምህራን ይህን ምሳሌ ቢጠቀሙበት መልካም ነው።

ሁለተኛው አደጋ ግን ከብረቱ ሳይሆን ከአጻጻፉ የሚመጣ ነው። ዲስክ ከኮምፒዩተሩ የማስታወሻ ክፍል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ እንደ ብልጥ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይሆናል። የመጣለትን ደብዳቤ ሁሉ «ተቀብያለሁ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይከምራል፤ በኋላ ሰብስቦ ወደ መደርደሪያው ያስገባል። ባለጉዳዩ «ተቀብያለሁ» ሲባል «ተመዝግቧል» የተባለ ይመስለዋል። በ1970ዎቹ የተስፋፋው ዩኒክስ ይህንኑ ያደርግ ስለ ነበር፣ «ሲንክ» የሚል የክምሩ ማስገቢያ ትእዛዝና «አንማውንት» የሚል የዲስክ ማሰናበቻ ትእዛዝ ነበረው። ከ1991 ጀምሮ የዩኒክስን ፈለግ ተከትሎ የተሠራው ሊኑክስም ይህንኑ ወርሷል። የእኛ ተቋም ኮምፒዩተር የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ውጤቱ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ስሕተት አይደለም። በ1993 ማይክሮሶፍት ያወጣው ኤም.ኤስ.-ዶስ 6 ጽሑፍን እንዲሁ ያዘገይ ነበር፤ ትእዛዝ መቀበያው ምልክት ሲመለስ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ኮምፒዩተሩን ያጠፉ ሰዎች ጽሑፋቸው ጠፋባቸው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ባወጣው 6.2 ላይ፣ ክምሩ ወደ ዲስክ ሳይገባ ምልክቱ እንዳይመለስ አደረገ። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ግን ሌላ መንገድ መርጦ ነበር፦ በዲስኩ ማስገቢያ ላይ ማውጫ ቁልፍ ስላልነበረው፣ ተጠቃሚው ማሽኑን ካልጠየቀ ዲስኩ አይወጣለትም ነበር።

በ1996 ዩ.ኤስ.ቢ. ሲመጣ መሣሪያን ኮምፒዩተር ሳያጠፉ መሰካትና መንቀል ተለመደ። የሶኬቱ የኃይል መስመሮች ከመረጃ መስመሮቹ ረዘም ብለው የተሠሩትም፣ ኃይል ቀድሞ እንዲገባና ኋላ እንዲወጣ ታስቦ ነው። በ2000 ፍላሽ ለገበያ ዋለ። ፍላሽ የሚሽከረከር ሳህን ስለሌለው የመጀመሪያው አደጋ አይነካውም፤ ሁለተኛው ግን አልቀረለትም። በተለይ ፋይሎች የት እንዳሉ የሚያመለክተው ማውጫ በሚጻፍበት ቅጽበት ከተነቀለ፣ ጽሑፉ ቢኖርም መገኛው ይጠፋል። በ2018 ዊንዶውስ 10 የውጭ ዲስክን ሁሉ ሳያዘገይ እንዲጽፍ ሆኖ መውጣት ጀመረ፤ በመጻፍ ላይ ሳለ መንቀል ግን እርሱንም ቢሆን ይጎዳዋል።

ከታሪኩ የምንረዳው፣ ሥራ መጀመሩንና ሥራ መፈጸሙን ለይቶ ማወቅ እንደሚገባ ነው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ ይህ ይብሳል። ስለዚህ ከመንቀላችን በፊት ፋይሎቹን እንዝጋ፤ መሣሪያው እንዲሰናበት እንዘዝ፤ ፈቃዱን እስኪሰጠን እንጠብቅ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ድምፁ እስኪቆም ሳናንቀሳቅሰው እንታገሥ። ከሁሉም በላይ የተማሪን ውጤት «እናዛውር» ሳይሆን «እንገልብጥ»፤ ቅጂው በሌላው በኩል ተከፍቶ እስኪነበብም ዋናውን አናጥፋ። ይህ ሁሉ ቢበዛ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኛ ግን አንዷን ደቂቃ ለማትረፍ ብለን ሁለት ሌሊት ከፈልን።