የላሜራ መጋጠሚያና የምሥራቅ ጎጃም መንገድ

ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ መኪና ዋናውን የደብረ ማርቆስ መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ ከታጠፈ፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ ይደርሳል፤ ከዚያም በአዴት በኩል ባሕር ዳር ይገባል። ይህ መስመር የሚያቋርጠው አገር በጤፉ የታወቀ የጥቁር አፈር ምድር ሲሆን፣ መረሬ የሚባለው ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ የሚሰነጠቅ፣ ከጎማና ከሻንሲ ጋር አንዴ ከተጣበቀም በቀላሉ የማይለቅ ነው። በመኪና አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከዚሁ ጠባዩ ይመነጫል፤ ዝናብ ብቻ የነካው ላሜራ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል፣ ጭቃ የተለሰነበት ላሜራ ግን ርጥበቱ ስለሚታመቅበት እንደራሰ ይሰነብታል።

ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዝርግ ገጹ ሳይሆን ከመጋጠሚያው ነው። መጋጠሚያ የሚባለው የሁለት ላሜራዎች ጠርዝ ተደራርቦ በነጥብ በነጥብ የተበየደበት ቦታ ሲሆን፣ በነጥቦቹ መካከል የሚቀረው እጅግ ጠባብ ክፍተት ውኃን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቀለም ግን እስከ ውስጡ አይዘልቅም። ይህን ክፍተት ከላይ የሚዘጋው፣ ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ የሚለጠጠው ማጣበቂያ መሰል ቁስ የመጋጠሚያ ማሸጊያ ይባላል።

እንግሊዛዊው ቤንትሊ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ መኪና አዲስ አበባ በገባበት በ1900 ዓ.ም. ይህ ችግር ገና አልጎላም ነበር፤ የዚያ ዘመን የመኪና አካል በአብዛኛው በእንጨት አጽም ላይ የሚለበጥ፣ ለሠረገላ ሠሪ ሙያ የቀረበ ነበርና። ሙሉ በሙሉ ከብረት ላሜራ የተበየደ አካል በብዛት መመረት የጀመረው በድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1914 ለዶጅ መኪኖች ማቅረብ ከያዘ ወዲህ ሲሆን፣ ከእርሱም ጋር የተበየደ መጋጠሚያ በዛ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎች ይህን መጋጠሚያ በፕላስቲክ ሊጥ እየሞሉ፣ ሊጡም ከቀለሙ ጋር በምድጃ ውስጥ እየበሰለ እንዲጠነክር ማድረጉን ለመዱ። ነገሩ ለጥገና ሙያ ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ማሸጉ ከቀለም በፊት በፋብሪካ ተጠናቅቆ የሚመጣና በቀለም የተሸፈነ በመሆኑ፣ መኪናውን ከዓመታት በኋላ የሚጠግነው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱን እንኳ የሚያይበት አጋጣሚ ጠባብ ነበር።

በኢትዮጵያ የመኪና አካል ጥገና እንደ ሙያ የሰፋው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ፣ ጣሊያናውያን መካኒኮች በአስመራና በአዲስ አበባ ጋራዦቻቸውን ይዘው በቆዩባቸው ዓመታት ነው። በሥራቸው የነበሩት ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ሙያውን በእጅ ተምረው ስሞቹን በጆሮ ወረሱ፤ ላሜራ ቀጥቅጦ ወደ ቅርጹ የሚመልሰው ባለሙያ ባትላሜራ፣ ጎድጓዳውን የሚሞላው ሊጥ ስቱኮ፣ ከጎማ በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ ሆነው ቀሩ። ቢቸናና ሞጣ በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ብዙ ቦታ የላቸውም፤ የቢቸና ገጠር በላይ ዘለቀን የመሰሉ አርበኞች የተዋጉበት ስለነበር፣ መኪና በዚያ ዘመን ከንግድ ይልቅ ከጦር ጋር የሚታይ ነገር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም በጊዜው የአውራጃ ዋና ከተሞች የነበሩት ሁለቱ ከተሞች ለረጅም ጊዜ በጠጠር መንገድ ብቻ ሲገናኙ ኖረዋል፤ ጠጠር ደግሞ የፓራፋንጎን የውስጥ ቀለም እየፈነቀለ ላሜራውን የሚያራቁት ነው።

የዚያን ዘመን የመኪና አካል ችግር ከሁሉም ይልቅ የሚያስረዳው ላንድሮቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር፣ የአካሉ ላሜራ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲውና ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ከብረት ተሠሩ። አሉሚኒየም አይዝግም በሚል እምነት ብዙዎች ይህን መኪና የማይበሰብስ አድርገው ቢቆጥሩትም፣ ሁለቱ ማዕድናት በተነካኩበት ቦታ ርጥበት ሲገባ እንደ ባትሪ ያለ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ በዚህም ጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የበር ግርጌና የወለል ጠርዝ ላይ ቀለሙ እየተቋጠረ፣ ሲፋቅም ከሥሩ ነጭ ዱቄት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በእንዲህ ያለ መጋጠሚያ ማሸጊያ ውኃ ከመከልከሉ በተጨማሪ ሁለቱን ማዕድናት ያለያያል፤ በመዶሻና በብየዳ ብቻ የሚታደስ ላንድሮቨር ግን ዳግመኛ መበላቱ አይቀርም።

ጋራዦች መጋጠሚያን በስቱኮ መሙላት የለመዱት በጊዜው በእጃቸው ያለው እርሱ ስለነበር ሊነቀፉ አይገባም፤ ውጤቱ ግን ደካማ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ የሚገኘው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚታመነው ሰባራ ድልድይ ድንጋዮቹ በኖራ ልስን የተያያዙ ናቸው፤ ድንጋይ ስለማይንቀሳቀስ ደረቅ ልስን ይበቃዋል። በጠጠር መንገድ የሚንገጫገጭ የመኪና አካል ግን ሁልጊዜ ስለሚተጣጠፍ፣ ደርቆ ድንጋይ የሚሆነው ስቱኮ በመጋጠሚያው ርዝመት ይሰነጠቃል፤ በራሱም ርጥበት ስለሚመጥ፣ ከቅቡ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በአዲሱ ቀለም ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ብቅ ይላል። ደንበኛው የሚከፍለው ለሚታየው ገጽ መሆኑ፣ ይህም መስመር የሚወጣው መኪናው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ መሆኑ ልማዱን አጽንቶታል።

ዛሬ ከሚገኙት ማሸጊያዎች የሕንፃ መሣሪያ መደብር ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሲሊኮን በዋጋው ሊያጓጓ ቢችልም ለመኪና አካል አይሆንም፤ ቀለም አይዝበትም፣ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ እርቃኑን ያለውን ብረት ያዝጋል። በቲነር መሰል ፈሳሽ የተሟሟው የጎማ ማሸጊያ በብሩሽ ለመቀባት ይመቻል፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ስለሚኮማተር ግን ሰፊ ክፍተት አይሞላም። ለወለልና ለፓራፋንጎ መጋጠሚያ ተመራጩ ፖሊዩሬታን ነው፤ ኬሚካሉን እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ያስገኙት ሲሆን፣ ከአየር ርጥበት እየወሰደ ከላይ ወደ ውስጥ ይጠነክራል። ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ ደረቅ በጋ ከክረምት ይልቅ ቀስ ብሎ ይጠናል፤ በክረምት ግን ላሜራው ራሱ ጠል ይዞ ስለሚያድር በደንብ ሳይደርቅ መቀባት ማሸጊያውን የመጣበቅ ኃይሉን ያሳጣዋል። ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚሠራው ኤፖክሲ ከአየሩ ርጥበት ነጻ ቢሆንም ውድ ነው፤ ከተቀላቀለም በኋላ ጊዜ አይሰጥም።

የአቀባቡ ሥርዓት ከምርጫው አያንስም። አሮጌው ማሸጊያና ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል፣ ቅባቱ ይጠረጋል፣ የጸዳው ላሜራ በኤፖክሲ ፀረ ዝገት ቅብ ይሸፈናል፤ ማሸጊያው የሚወርደው ከዚህ ቅብ በላይ እንጂ በእርቃን ብረት ላይ አይደለም፣ ከደረቀም በኋላ ዋናው ቀለም ይከተላል። የበርና የወለል ውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን ክፍት መቆየት አለባቸው፤ በትጋት ብዛት እነርሱን ደፍኖ ውኃውን ከውስጥ ማስቀረት ካለማሸግ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ነገሩን ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ አሳሳቢ ያደረገው የሕጉ መለወጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ማስገባትን እጅግ ስላስወደደው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ማገልገል ግድ ሆኖባቸዋል። ቀደም ሲል ስቱኮው ሳይሰነጠቅ መኪናውን ሸጦ ሌላ ይገዛ የነበረው ባለቤት፣ አሁን ያንኑ አካል ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ባትላሜራው ይመልሰዋል።